ስለቴ ሰመረ

ልጄ ዶክተር ዓለምነው፣ የጣራ ገዳም አባቶች ጸሎት በሰው አገር ይጋርድህ። እኛ ደህና ነን። ገብሱ አምሮበታል፤ ላማችን ቡሬም በሰላም ወልዳለች።

የእህትህ የጽጌ መውለጃዋ ደርሷል፤ እኔ ግን ሌሊቱን ስጸልይ አነጋለሁ። ቆላ፣ ባሏ አገር ያለው ጤና ጣቢያ ሐኪም የለውም። መኪና ወዳለበት ለመድረስ በቃሬዛ ግማሽ ቀን ነው። የተመደበላቸው ሐኪም ሳይመጣ ቀረ።

የዚያን ሐኪም እናት ደብረ ታቦር ገበያ አገኘኋት። «ስለቴ ሰመረ! ልጄ ገጠር እንዳይሄድ ተስዬ ቀረልኝ» ስትለኝ እልል አልሁላት። ወዲያው ዘንቢሌን አንስቼ ከገበያው ወጣሁ። አንተ ተመርቀህ የምድብ ዕጣ ስታወጣ እኔስ ምን ብዬ ነበር የተሳልሁት? ያንኑ።

የሰመረ ስለት ይመለስ እንደሆን ቄሱን ለመጠየቅ ፈራሁ። እግዜር እጅህን ይባርክልኝ። አደራህን፣ ጽጌ እስክትገላገል ስልክህን እንዳትዘጋብኝ። ካንተ ሌላ ሐኪም የለንም።

እናትህ እቴነሽ