የአባባ ጥጥና አሮጌው ኤሲ

ውድ ወንድሜ ክብሩ፣ እንደምን ከርመሃል? የባሕር ዳር ኑሮ ተስማማህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ጉድ ልንገርህ! ያንን አሮጌ ኤሲያችንን በገዛ እጄ ጠገንኩት! ባለሙያው «አርጅቷል፣ ጣሉት» ብሎን ሄዶ ነበር። እኔ ግን እልህ ያዘኝ። መብራቱን ከቆጣሪ አጥፍቼ ማጣሪያውን በሳሙና አጠብኩ፤ እምቢ አለ። ጓሮ ያለውን የኤሲውን ማሽን ስፈታው ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የአባባን ጥጥ! ሸማ የሚሠራው እዚያው አጠገቡ አይደል፤ ብናኙን ሁሉ ስቦ ስቦ ጀርባው ፍራሽ መስሏል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ስጠርግ ዋልኩ። ሁሉም የአምና ነው፣ ጠቁሯል፤ የዘንድሮ ነጭ ብናኝ ግን የለበትም፤ አባባ ዘንድሮ ሸማ አልሠራም።

ስከፍተውማ ቤቱ ጨንቻ ሆነ፣ ብርዱ አጥንት ይገባል! እልል ስል ጎረቤት ሁሉ መጣ። ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ከወረደ ጀምሮ ሙቀቱን ሲያማርር የኖረው አባባም ቡልኮውን እንደተከናነበ «ጎበዝ ልጄ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ «አሁን አጥፊው» አለ። አጠፋሁት። በዚህ በየካቲት ፀሐይ ቡልኮውን እስካሁን ከላዩ አላወረደም።

ባለፈው በሙቀቱ አሳበህ በሦስተኛው ቀን ሄድክ። አሁን ምን ታመካኛለህ? ለፋሲካ እመጣለሁ ያልከውን ተወውና በዚህ ሳምንት ና።

አምላክ ሁላችንንም፣ ሁላችንንም በጤና ያገናኘን።

እህትህ አገርነሽ