አልጋዎቹ የዞሩ ሰሞን

ጥቅምት 5፣ ቅዳሜ

ጠዋት ልብስ አጠብኩ። ገበያ ደርሼ መጣሁ። የሽንኩርቱን ዋጋ ባልጽፈው ይሻላል፣ ደብተሩ ራሱ ይደነግጣል። ከሰዓት እንደ ወትሮው እትዬ ዘንድ፣ መጦሪያው።

ደህና ናት። እንግዲህ ደህና ማለት... ሚያዝያ ላይ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ቀኝ ጎኗ ከሞተና አንደበቷ ከተዘጋ ወዲህ ደህና የምንለው ይኼንኑ ነው። ትሰማለች። ሁሉንም ነገር ትሰማለች። መመለስ ነው ያቃታት። እኔ እህቷ ደግሞ መልስ የማልጠብቅ ሴት! ወንበሬን ስቤ የሰፈሩን ወሬ ለቀቅኩባት። መሐል ላይ በግራ እጇ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የመጥሪያ ገመድ ሳብ አደረገች። ደወሉ ጮኸ፣ ቀጭኗ አስታማሚ መጣች። "እማማ፣ ምን ላድርግልዎ?" እትዬ በዓይኗ ትራሱን አሳየች። ተስተካከለላት። አለቀ።

ስወጣ ሥራ አስኪያጇ ጠራችኝ። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው፤ የቤቱን ጥራትና ደህንነት የሚመረምር። ከቤተሰብ ወገን አንድ ሰው አብሮት ይዞራል። "እርስዎን መርጠናል።" እኔን! ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲህ ለምንም ተመርጬ አላውቅም። ደስ አለኝ። አውቶቡስ ውስጥ ለማላውቃት ሴትዮ ሳይቀር ነገርኳት።

ደስ አለኝ ነው የጻፍኩት? አፌ ደስ ብሎታል። ውስጤ ግን... ጥርስ ሊነቅሉ ሲሉ የሚወጉት መድኃኒት አለ አይደል? ከንፈርሽን ብትነክሺው የማታውቂው? ከሚያዝያ ጀምሮ እንደዚያ ነኝ። እስቃለሁ፣ አስቃለሁ፣ እበላለሁ። አይሰማኝም።

ጥቅምት 12፣ ቅዳሜ

አልጋዎቹን አዙረዋቸዋል! ሁሉንም። በፊት ራስጌው በበሩ በኩል ስለነበር ሰው ሲገባ የሚያየው አናታቸውን ነበር። አሁን ግርጌው ወደ በሩ ሆኗል፤ ገና ብቅ ስትዪ ፊታቸው ይቀበልሻል። ወለሉ ተወልውሎ ያበራል። አንሶላው አዲስ። ሥራ አስኪያጇ ናት አሉ ያዘዘችው፤ "ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ሲቆም ምን እንደሚያይ አስቡ" ብላ። ጎበዝ ሴት። አመሰገንኳት።

ለእኔም ተመቸኝ። እስከ ዛሬ ወንበሬ በሞተው ጎኗ ነበር፣ አሁን በደህናው እጇ በኩል ሆነ። ያዝ አድርጌላት ሳወራ እሷ ግን መንጭቃ ታወጣውና በአየር ላይ ጨበጥ፣ ሳብ... ጨበጥ፣ ሳብ። "እትዬ፣ ላም ታልቢያለሽ እንዴ?" አልኳት። ቀጭኗ በሳቅ ፈረሰች። እትዬ አልሳቀችም። ድሮ በእኔ ቀልድ ቀድማ የምትስቀው እሷ ነበረች...

ጥቅምት 15፣ ማክሰኞ

ዘነበ። ካልሲ ሰፋሁ። ሌላ የለም።

ጥቅምት 19፣ ቅዳሜ

ስገባ አንሶላዋ ረጥቧል። እስከ ጀርባዋ። ቀዝቅዟልም፤ ቆይቷል ማለት ነው። ሮጬ ቀጭኗን ጠራኋት።

"ምነው ልጄ?"

"ማዘርዬ፣ እናቴ ትሙት አላወቅኩም። አልጠሩኝም እኮ።"

"እንዴት አትጠራሽም? ትጠራሽ የለ?"

"ይጠሩ ነበር። ሰሞኑን ትተውታል።"

አብረን ቀየርንላት። ስናገላብጣት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሥራ አስኪያጇ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ፤ "እህትዎ እንዴት ያሉ ጨዋ ሆነዋል! ደወል የለ፣ ንዝንዝ የለ። ሁሉም እንደሳቸው ቢሆንልኝ!" እኔም አላፍርም፣ "ድሮም ዝምተኛዋ እሷ ናት፣ የእሷንም ድርሻ የማወራው እኔ ነኝ" አልኳት። ተሳሳቅን።

ቤት ገብቼ እጄን አሸተትኩ። ለምን ሳቅኩ? የእህቴ እርጥብ አንሶላ እጄ ላይ እየሸተተ?

ጥቅምት 22፣ ማክሰኞ

ባለቤቴ እራት ላይ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ እህትሽ ከታመመች ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ስታለቅሺ አላየሁሽም።"

"ሽንኩርቱ ተወዶ ነው።"

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወውና፣ "እኔ ምን ላድርግልሽ?" አለኝ።

"ሳህኑን እጠብ።"

አጠበ። ደህና ሰው ነው። ደህና ሰው ነው ብዬ ጽፌ... ባዶ። ጎረቤት ስለሌላ ሰው ባል ያወራችልኝ ያህል።

ጥቅምት 26፣ ቅዳሜ

ሐኪሙ አይቷት ሄደ። ሰው ተስፋ ሲቆርጥ መጥራት ይተዋል አለ። "እጇስ? ይቺ ላሟን አልባ የማትጨርሰው?" ብዬ ጠየቅኩት። "ነርቭ ነው። ልማድ ሆኖባቸው ይሆናል።" ነርቭ። እሺ።

ከዚያ ሥራ አስኪያጇ ድምጿን ዝቅ አድርጋ... "ሕጉ እንዲህ ነው እህቴ። ሰው መጥራት የማይችል ታች አይቀመጥም። ተቆጣጣሪው ፊት ካልጠሩ፣ ላይኛው ፎቅ ነው የምናወጣቸው።"

ወጥቼ አየሁት፣ ላይኛውን ፎቅ። ምንም የማያውቁት ናቸው እዚያ ያሉት። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ንጹሕ ነው፣ አይካድም። ቴሌቪዥኑ ለማንም ያወራል። አንዲት አሮጊት ባዶ ኩባያ ደጋግማ ትጠጣለች፤ ማንም አልሞላላትም፣ ማንም አልወሰደባትም። ከአልጋዎቹ አጠገብ የጠያቂ ወንበር የለም። አንድም።

ወርጄ እትዬን ለመንኳት። "እባክሽ ጥሪ። እዚያ ሊወስዱሽ ነው። ለእኔ ስትዪ ጥሪ።" ጨበጥ፣ ሳብ። ጨበጥ፣ ሳብ። ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ። የተቆጣች ትመስላለች። በማን? በእኔ?

አውቶቡስ ውስጥ ማንንም አላዋራሁም።

ኅዳር 1፣ ሐሙስ

ተቆጣጣሪው መጣ። ቦርጫም፣ ቁጥብ ሰውዬ። ወጥ ቤት ገብቶ ማቀዝቀዣውን ከፈተ፣ ሥጋውን አሸተተ። መታጠቢያ ቤት የሙቁን ውሃ በክንዱ ሞከረ። የእሳት ማጥፊያውን አገላበጠ። የድንገተኛ መውጫውን በር ገፋው፤ እንዲያውም ባልዲ ነበር ከኋላው፣ ተንኳኳ። እኔ ስለ ሁሉም ሳስረዳው ዘወር አለና፣

"ወይዘሮ፣ ለመስማት እየሞከርኩ ነው።"

"ምኑን?"

"ቤቱን።"

አፈርኩ። ለትንሽ ጊዜ።

በየአልጋው እየቆመ፣ "እስኪ አስታማሚዋን ይጥሩልኝ" ይላል። እነሱ ገመዱን ይስባሉ፣ ቀጭኗ ትሮጣለች። ምስኪን፣ ላቧ በጀርባዋ ወረደ። እትዬ ዘንድ ደረስን።

"እስኪ ይጥሩልኝ።"

ጨበጥ፣ ሳብ። አየሩን።

ራሱ ሄዶ ገመዱን ሳበው። ጮኸ። "ደወሉ ይሠራል" አለ።

ሥራ አስኪያጇ ቀስ ብላ፣ "አይገባቸውም። ደክመዋል" አለችው።

"ይገባታል!" አልኩ።

"ታዲያ ለምን አይጠሩም?"

እኔ! ዝም አልኩ።

ዝም ስል ነው ያየሁት። እጇ የሚሄደው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው። ከወገቧ አጠገብ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ። አልጋው ሳይዞር ግድግዳው የነበረበት። ገመዱ የነበረበት... አልጋው ሲዞር ገመዱ እዚያው ግድግዳው ላይ ቀርቷል። በሞተው እጇ በኩል። ስንት ጊዜ ነገረችን! ላም አይደለም ስታልብ የከረመችው። "ደወሌ" ስትለን ነው።

በላይዋ ተንጠራርቼ ገመዱን ጎተትኩና ግራ እጇ ውስጥ አስጨበጥኳት። ሳበች። ቀጭኗ መጣች። ደግማ ሳበች። ቀጭኗ ፊቷ ቆማ እያለች ሳበች፣ ሳበች፣ ሳበች። ማንም በቃ አላላትም። የሰሞኑን ሁሉ ነው የምትጠራው።

"አልጋዎቹን ማን አዞራቸው?" አለ ተቆጣጣሪው።

ሥራ አስኪያጇ መሬት መሬት አየች። "እርስዎ በሩ ላይ ሲቆሙ... እንዲያምርልዎ ብለን ነበር።"

"ለእኔ ነዋ" አለ። ሌላ አልተናገረም። ወንበሬ ላይ ቁጭ አለ።

ማልቀስ የነበረብኝ ዛሬ አልነበር? ቤት ገባሁ፣ እግሬን ታጠብኩ። ምንም።

ኅዳር 3፣ ቅዳሜ

አልጋዋ ተመልሷል። ስገባ አናቷን አየሁ። ሽበት፣ መሐሉ የተከፈለ። ከዚህ የሚያምር ነገር ምን አለ?

ታች ትቆያለች። ላይኛው ፎቅ ቀረ። ሥራ አስኪያጇ ራሷ በየክፍሉ እየዞረች ማን በየትኛው እጁ ደህና እንደሆነ ስትጠይቅ ዋለች አሉ። ማዶ ያሉት፣ ሐሙስ ዕለት ተራው ያልደረሳቸው አዛውንትም እንደ እትዬ መድረስ አቅቷቸው ነበር። እሳቸውንም "ጨዋ" ነበር የምንላቸው...

እትዬን ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ስለ አውቶቡሱ አወራሁ።

ኅዳር 10፣ ቅዳሜ

ወንበሬ በሞተው ጎኗ በኩል ተመልሷል። እንደ ወትሮው ለቀቅኩት። የጎረቤታችንን አዲስ ቀለም (አረንጓዴ! ሙሉ ቤቱን!)፣ የባለቤቴን ሳህን አስተጣጠብ፣ ከዚያ እንደገና ቀለሙን... እትዬ ገመዷን ሳበች። ቀጭኗ ከች አለች።

"እማማ፣ ምን ፈለጉ? ትራስ?"

አይደለም።

"ውሃ?"

አይደለም። አንሶላውን ገለጥ አድርጋ ዳሰሰች። ደረቅ ነው።

እትዬ ግራ እጇን አነሳች። ጣቷን ቀሰረች። ወደ እኔ። ከዚያ ወደ በሩ።

ቀጭኗ እኔን አየች፣ እሷን አየች። "እሳቸውን? ላስወጣልዎ?"

እትዬ ዓይኗን ጨፈን ከፈት። አዎ። የከንፈሯ ግራ ጫፍ ወደ ላይ ሄደ።

ክንዴን ያዘችኝ፣ የምሯን። "ማዘርዬ፣ አይቀየሙኝ፣ ደወል ደወል ነው።" አስወጣችኝ! እኔን፣ የቤተሰብ ተወካይዋን! ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ሳቅኩ። ሳቅኩ፣ ሆዴን እስኪያመኝ። አመመኝ እኮ! እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ ለሚያልፈው ሁሉ "አመመኝ" እላለሁ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ደንግጣ ወንበር አመጣችልኝ። ሳቁ የት ጋ ወደ ለቅሶ እንደዞረ አላውቅም። ዞረ ብቻ። ከሚያዝያ ጀምሮ ያለው በሙሉ መጣ፣ ንፍጡ ጭምር።

ደወሉ ደግሞ ጮኸ። ቀጭኗ ገብታ ወጣች።

"ይግቡ ብለዋል" አለችኝ።