በጆሮዬ ያነበብኩት ቆጣሪ

ጥቅምት 25፣ ሰኞ

ምኑን ነው የማላውቀው?! ‹‹አንተ ደግሞ ስለ ሪፖርት ምን ታውቃለህ?›› ትለኛለች እኮ! እኔን! የፋብሪካውን ውሃ በእነዚህ ሁለት እጆቼ የምከፍትና የምዘጋውን ሰውዬ! እህቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለጨረሰች ዓለምን የጨረሰች ይመስላታል። እኔ ሰባተኛ ላይ አቆምኩ። ከብዶኝ አይደለም። ሰለቸኝ፣ ተውኩት። አለቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ለሠራተኛው ሁሉ አንድ አንድ መጽሐፍ ታደለ። ሽፋኑ አረንጓዴ፣ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ። ‹‹የዘላቂነት ሪፖርት›› ይላል። ፋብሪካችን ጨርቅ ሲያቀልም ውሃውንም አየሩንም ሰውንም እንደማይጎዳ የሚያወራ ነው። ማን ነው የሚያወራው? ራሱ ፋብሪካው! ስለራሱ! ሰው ራሱን ማመስገን ሲጀምር ኪስህን ያዝ ነው የምለው እኔ።

ገጽ 14 ላይ ግን አለሁበት። ፎቶዬ ነው! ማጣሪያው ጋ ቆሜ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ አረንጓዴ ኮፍያዬን አድርጌ። ኮፍያዋን ሰኔ ላይ ነው የሸለሙኝ፣ ‹‹የወሩ ኮከብ›› ብለው። ከዚያ ወዲህ ግቢው ውስጥ ስሜ ባለኮፍያው ነው። ሲያንሰኝ ነው።

ከፎቶው ስር ያለችውን ጽሑፍ እህቴ አነበበችልኝ። (ማንበብ አቅቶኝ አይደለም። ፊደሉ ደቃቃ ነው።) ‹‹ከምንጠቀመው ውሃ ከመቶ ስድሳ ሁለቱን አጣርተን መልሰን እንጠቀማለን።››

ስድሳ ሁለት?

‹‹ውሸት ነው›› አልኩ። ያኔ ነው ምን ታውቃለህ ያለችኝ።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ያቺ ስድሳ ሁለት ከጭንቅላቴ አልወጣ አለች። ቆይ፣ እናስላው።

ማቅለሚያው በቀን ሠላሳ ቦቴ ውሃ ይጠጣል። ይሄን ዘበኛውም ያውቃል። ቆሻሻው ወደኔ ይመጣል፣ አጣራዋለሁ፣ ከዚያ በፓምፕ ጣሪያው ላይ ወዳለው ታንከር እመልሰዋለሁ። ፓምፔ በሰዓት አንድ ቦቴ ይገፋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት፣ ምሳ ሲቀነስ፣ ሰባት ሰዓት። ሰባት ቦቴ! ስድሳ ሁለት ከመቶ እንዲሆን ግን አሥራ ስምንት ምናምን መሆን አለበት። እኔ ስወጣ ደግሞ ፓምፑ ይጠፋል። ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

ታዲያ ሌላውን አሥራ አንድ ቦቴ ማን አመጣው? መላእክት?

ይሄን ሁሉ ያለ ወረቀት ነው ያሰላሁት። ሰባተኛ ክፍል ሆኜ።

ሪፖርቱን የጻፈው ከረባት ነው። የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊው። የማቅለሚያው እንፋሎት ሰው በሚያቀልጥበት ግቢ ከረባቱን ፈትቶ አያውቅም፣ ለዚህ ነው ከረባት የምንለው። ፈገግታ ያበዛል። ነጋ ጠባ ጥርሱ የሚታይ ሰው አልወድም። እሱ ነው የጨመራት። ሌላ ማን?

የመለስኩትን ውሃ የሚቆጥረው ቆጣሪ ቢታይ ኖሮ አሁኑኑ አፋጥጠው ነበር። ግን ከካቻምና ነሐሴ ጀምሮ መስታወቱን ከውስጥ ላብ ይዞታል፣ አይታይም። ለኔ ምንም ማለት አይደለም፣ ቆጣሪውን በጆሮዬ ነው የማነበው። ድምፁን ሰምቼ ስንት እንደሄደ እናገራለሁ። ማን ይችላል እንዲህ? ማንም።

ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ዘበኛው አባባ በር ላይ ያዘኝ።

‹‹አንተ ባለኮፍያ፣ ሰማህ? በሚቀጥለው ሳምንት ገምጋሚ ትመጣለች።››

‹‹የምን ገምጋሚ?››

‹‹ጨርቁን የሚገዙን ሰዎች የላኳት ናት። ያ አረንጓዴ መጽሐፍ እውነት ይሁን ውሸት ልታጣራ ነው አሉ።››

‹‹ማን አለ?››

‹‹በር ላይ የቆመ ሰው የማይሰማው ነገር አለ እንዴ ልጄ?››

እሺ። ግን ለምን ለኔ ነገረኝ? ከረባት ልኮት ይሆን? ምን እንደሚሰማው አይተህ ንገረኝ ብሎት? አባባ ደግሞ ሲያወራ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል...

ይምጡ። የምፈራው ነገር የለኝም። የሚፈራ ካለ ባለከረባቱ ይፍራ።

ኅዳር 1፣ እሑድ

እህቴን ለምኜ ገጽ 31ን አስነበብኳት። መለመን ሳይሆን... አዘዝኳት። ‹‹የወደፊት ስትራቴጂ›› ይላል። ቃል በቃል ይኸው፦ ‹‹ውሃን መልሶ በመጠቀም ያስመዘገብነውን ውጤት መሠረት በማድረግ ሁለተኛ የማቅለሚያ አዳራሽ እንከፍታለን። ከአካባቢው ተጨማሪ ውሃ መውሰድ አያስፈልገንም።››

እህቴ መጽሐፉን ዘጋች። ‹‹ገባህ?›› አለችኝ።

‹‹ድሮ ነው የገባኝ›› አልኳት። አልገባኝም ነበር።

‹‹ስድሳ ሁለቷ ውሸት ከሆነች፣ ሁለተኛው አዳራሽ የሚጠጣው ከየት ነው?››

ያኔ ገባኝ። ፋብሪካውና ሰፈራችን የምንጠጣው ካንድ ጉድጓድ ነው። የፋብሪካው መስመር ደግሞ ቆጣሪ የለውም፣ የፈለገውን ይስባል። ድሮ ቧንቧችን በሳምንት አራት ቀን ይመጣ ነበር። አሁን ሁለት ቀን ነው። ሁለተኛው አዳራሽ ሲከፈትስ? እማዬ ጀሪካኗን ይዛ የት ልትሄድ ነው?

ይሄ ከረባት! በአንዲት ቁጥር ሰፈር ሊያደርቅ!

ነገ ቢሮው ገባሁ ማለት ነው።

ኅዳር 2፣ ሰኞ

እንዴት ብዬ ነው የምጽፈው...

ገባሁ። በሩን እንኳ አላንኳኳሁም። ‹‹ጋሼ›› አልኩት፣ ‹‹ይቺ ስድሳ ሁለት ከየት ነው የመጣችው?››

ፈገግ አለ። ‹‹ካንተ።››

‹‹ምን?››

መሳቢያውን ሳበና ደብተሮች አወጣ። የኔ ደብተሮች። በየቀኑ ስንት ቦቴ እንደመለስኩ ጽፌ ወር ሲያልቅ የማስረክባቸው። ገለጠ። ‹‹ይሄ የማን ጽሑፍ ነው?››

የኔ ነው። አምስቴ ጭራ አላት፣ ከሩቅ ትታወቃለች።

‹‹ግንቦት 8፣ ሃያ አራት ቦቴ። ግንቦት 9፣ ሃያ አምስት። እኔ የጻፍክልኝን ደመርኩ እንጂ ምን አደረግኩ? ኮፍያውን ያሸለምኩህም እኔ ነኝ።››

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ‹‹ግን ወንድሜ›› አለኝ፣ ‹‹በሰዓት አንድ ቦቴ የሚገፋ ፓምፕ በሰባት ሰዓት ሃያ አምስት እንዴት ገፋልህ?››

ሳያስብ! ወረቀት ሳይነካ! ያቺን ሒሳብ ቀድሞ ሠርቷታል ማለት ነው። መቼ? ከሪፖርቱ በፊት ነው በኋላ?

‹‹ያውቁ ነበር?›› አልኩት።

‹‹አብረን በልተናል፣ አብረን አፋችንን እንጠርጋለን። ገምጋሚዋ ስትመጣ ደብተርህን ታሳያታለህ፣ በቃ። አዲሱ አዳራሽ ሲከፈት ደግሞ የፈረቃ ኃላፊ ትሆናለህ።››

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እጁ ከባድ ነው።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ታምሜያለሁ ብዬ ቀረሁ። አልታመምኩም።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

እዚህ የግል ደብተሬ ላይም ከዋሸሁ የት ነው የማልዋሸው?

እሺ። ቆጣሪው ላብ ሲይዘው ለማንም አልተናገርኩም። ለምን? ማንኛውንም ነገር እጠግናለሁ ብዬ ፎክሬያለሁዋ! ሞከርኩ፣ አልሆነም። መጀመሪያ ሰባት፣ ሰባት፣ ሰባት እያልኩ ጻፍኩ። ከዚያ ‹‹የወሩ ኮከብ›› የሚባል ውድድር መጣ። የቦይለር ክፍል ልጆች ‹‹አንተ ከዛ ጭቃህ ጋ ምን ልታሸንፍ!›› ብለው ሳቁብኝ። ሰባት ደግሞ ስትጻፍ ታስጠላለች፣ አንገቷ የተሰበረ ነገር... ስምንት ጻፍኩ። ማንም ምንም አላለም። ዘጠኝ። አሥራ ሁለት። ሰኔ ላይ እጄ ራሱ ነበር የሚጽፈው።

በጆሮዬ... የምን ጆሮ! ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት።

ስንት ቀን ሙሉ ውሸታም ስፈልግ ከረምኩ። ለእህቴ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ‹‹የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች›› አለችና ልብስ ማጠፏን ቀጠለች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

መጣች። በጥቁር መኪና የሚመጣ ግዙፍ ሰው ነበር የጠበቅኩት። አጭር ሴትዮ፣ ጫማዋ አቧራ የጠጣ፣ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ የሰካች። ከረባት ከኋላዋ እየተከተለ ያወራል ያወራል። እሷ ዝም። ዝምተኛ ሰው ደግሞ ያስፈራኛል። ምን እያሰበች ነው?

ቆጣሪው ጋ ስትደርስ ቁጢጥ አለች። መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው። ላቡ ከውስጥ ነው፣ አይለቅም።

‹‹ይሄን እንዴት ነው የምታነበው?››

ከረባት አፈጠጠብኝ። እኔም ‹‹በጆሮዬ›› አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አመለጠኝ!

ከረባት ሳቀ። ‹‹ልጁ ቀልደኛ ነው።››

እሷ አልሳቀችም። ‹‹እስቲ ዛሬ ስንት ሆነ?›› አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ጭጭ። ያኮረፈች ሚስት እንኳ እንዲህ ዝም አትልም። ከረባትን አየሁት። ፈገግታው የለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ጥርሱ ሳይታይ ያየሁት።

‹‹ሃያ›› አልኩ።

ጻፈችው። ‹‹ሃያ›› ብላ። ስትወጣ ስልክ ቁጥሯ ያለበት ወረቀት ሰጠችኝ። ‹‹የረሳኸው ነገር ካለ ጻፍልኝ። ግምገማዬን የሚቀጥለው ዓርብ እዘጋለሁ።››

ለምን ለኔ? ለቦይለር ልጆች አልሰጠችም፣ አጣርቻለሁ። ወጥመድ ቢሆንስ? ቁጥሩ የከረባት ሁለተኛ ስልክ ቢሆንስ?

ደግሞ ሃያ አልኩ እኮ። ማንም ሳያዘኝ። ኮፍያ ሳይኖር።

ኅዳር 8፣ እሑድ

የውሃ ቀን ነበር። አልመጣም። ሰልፉ እስከ መንገዱ ጥግ ደርሷል፣ ቢጫ ጀሪካን ብቻ። እማዬን ላግዛት ሄድኩ። ከሩቅ አየኋት፣ አረንጓዴውን መጽሐፍ ይዛለች። ከቤት ይዛው ወጥታ! ገጽ 14ን ገልጣ ለጎረቤት ታሳያለች።

‹‹ይሄ የኔ ልጅ ነው። ውሃው እንዳይባክን ለፋብሪካው የሚቆጥበው እሱ ነው።››

‹‹እሰይ! ይባረክ!›› አሉ ሴትየዋ። ‹‹እስቲ ለኛም ይቆጥብልን።››

ሁሉም ሳቁ። እማዬም ሳቀች። ቧንቧው ፉት ብሎ አየር ተፋ።

ሳልታይ ተመለስኩ። እኔ! ከማንም ተደብቄ የማላውቅ ሰው!

ኅዳር 9፣ ሰኞ

የፓምፑን ቱቦ ፈታሁና ባዶ በርሜል ውስጥ ከተትኩት። በስልኬ ሰዓት ያዝኩ። በርሜሉ በሰማንያ ስድስት ሰከንድ ሞላ። አንድ ቦቴ ሃምሳ በርሜል ነው። በሰዓት ታዲያ አርባ ሁለት በርሜል እንኳ አይሞላም! በሰዓት አንድ ቦቴ ስል የኖርኩት ራሱ ጉራ ነው ማለት ነው? ማን ነው አንድ ቦቴ ያለው? እኔ። ለማን? ለሁሉም።

ነገም እለካለሁ። አንድ ቀን አይታመንም። እኔ ደግሞ ከማንም በላይ አልታመንም።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ሦስተኛ ቀን። ሰማንያ ስድስት። ሰማንያ ሰባት። ሰማንያ ስድስት። እህቴ ደመረችው፣ በቀን ስድስት ቦቴ አይሞላም። ከመቶ ሃያ ብትሆን ነው። ፎቶም አነሳሁ፣ በርሜሉንም ሰዓቱንም።

ከረባት መጣ። በርሜሉን አየ። ‹‹ምን እየሠራህ ነው?››

‹‹እያጠብኩት ነው።››

‹‹የፈረቃ ኃላፊ እንዲህ አይቆሽሽም›› አለኝና ሄደ።

አመነኝ? አላመነኝም። እኔም አላመንኩትም። ተስማምተናል።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ኮፍያዬን ቆጣሪው ላይ ደፋሁለት። ሁለቱም ሲያሳዩ የኖሩት አንድ ነገር ነው፦ ምንም። አባባ በር ላይ አየኝና ‹‹ውይ! ራስህ እንዲህ ትንሽ ነበረች እንዴ?›› አለኝ። ምንም አልመለስኩም። ይሄም አዲስ ነው።

እህቴ ልጻፍልህ አለች። እምቢ። ራሴ ጻፍኩት። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። በዚህ ፋብሪካ እውነተኛ ቁጥር የጻፈ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ፣ ይሄ ጉራ አይደለም፣ ለክቼዋለሁ። የላክሁትን እዚህም ልገልብጠው፣ ኋላ አልጻፍክም እንዳይሉኝ፦

‹‹ዓርብ ማጣሪያው ጋ ያናገሩኝ ልጅ ነኝ። ሃያ ቦቴ ያልኩዎት ውሸት ነው። ቆጣሪው ከካቻምና ነሐሴ ጀምሮ አይነበብም። ደብተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ከጭንቅላቴ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ የለም። ኃላፊው ግን ሳያውቅ አልደመረውም፣ እሱን ራሱን ይጠይቁት። በበርሜል ሦስት ቀን ለካሁ፣ ስድስት ቦቴ አይሞላም፣ ፎቶው ይኸው። በስድሳ ሁለት ተማምነው ሁለተኛ አዳራሽ ካስከፈቱ የሰፈራችን ቧንቧ ይደርቃል። እናቴ እዚያ ሰልፍ ላይ ናት። እኔን ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ። ነገ ዓርብ ነው። ደርሶዎታል ወይስ አልደረሰዎትም? እንዳይዘጉት! ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ ይመልሱልኝ!››