ፎቶው መሀል ይሁን

ጥቅምት 6፣ 2007
ቢሮ ቀዝቅዞ ዋለ። ስለ ሩዝ በሽታ ለገበሬዎች የሚታደል አንድ ገጽ ስጽፍ ዋልሁ። ኢንተርኔቱ ላይ ነው የምጽፈው፤ መብራት ቢሄድም አይጠፋም ብለውኛል። ግን ፎቶ ባስገባሁ ቁጥር ጽሑፉ ይበተናል። ግማሹ ወደ ሌላ ገጽ ይወርዳል። እሱባለው፣ አጠገቤ የሚቀመጠው ባለሙያ፣ አይቶ ሳቀብኝ።
"ፎቶውን ንኪው። ከሥሩ ምርጫ ይመጣል። ጽሑፉ እንዲከበው ነው የምትፈልጊው?"
ነካሁት። ቃላቱ በሩዙ ግራና ቀኝ ተሰለፉ። ደስ አለኝ... መቼም ትንሽ ነገር ደስ ይለኛል።
ወንድሜ ይሁኔ ሰሞኑን ከመተማ አልደወለም። የሰሊጥ አጨዳው ይዞት ይሆን?

ጥቅምት 11
ይሁኔ ሞተ። ወባ ነው አሉ። እዚያው መተማ ቀበሩት።

ኅዳር 4
መንደር ሄጄ አደርሁ። ሜዳው ሁሉ ሩዝ እያጨደ ነው። የእኛ ማሳ ብቻ እንደቆመ አለ። አባዬ ደጅ ተቀምጦ ያየዋል። አላለቀሰም እስካሁን። ሰው ሁሉ ይኼንኑ ያወራል።
"የጎረቤታችን የአንለይ አባት አርባ ላይ ወረቀት ታድሏል። ፎቶም አለው፤ ታሪኩም ተነቧል። ለይሁኔም ይሠራለት" አለኝ አባዬ።
"ምን ብዬ ልጻፍ፣ አባዬ?"
"ከአባቱ ጋር ተጣልቶ አያውቅም በይ።"
ይሁኔ ጎጆ መውጫ ቁራሽ መሬት ቢጠይቀው "ስሞት ትወርሳለህ" ያለው ማን ነው? በማግሥቱ ሳይሰናበት ሄደ። ከዚያ ወዲህ በእኔ ስልክ ሲደውል፣ አባዬ አጠገቤ ቁጭ ብሎ በእጁ ምልክት ይሰጠኛል... የለም በይው።
ስንቴ የለም አልሁት።

ኅዳር 9
ጽሑፉን ከእህቴ ከልዕልት ጋር ጀመርነው። እሷ ባሕር ዳር፣ እኔ ወረታ፣ ወረቀቱ አንድ። እሷ እዚያ አንድ ቃል ስትጨምር የይሁኔ ፎቶ እዚህ ዓይኔ እያየ ወደ ታች ይንሸራተታል። እመልሰዋለሁ። ደግሞ ይሄዳል። ሞቶም አንድ ቦታ አይረጋም።
ከአንድ ፎቶ በቀር የለውም። እሱም የአጎታችን ልጅ ሠርግ ላይ የተነሣው ነው፤ ከዳር ቆሟል። ሌላውን ሰው ሁሉ ቆርጬ አወጣሁ። የአንድ ሰው ክንድ ግን ቀረ፤ እሱን ካወጣሁ የይሁኔ ትከሻ ይሄዳል።
ልዕልት ከጎን ጻፈችልኝ፤ "ተጣልቶ አያውቅም? ይኼን ማን አለ?"
"አባዬ። ሆድ ይፍጀው፤ ተይው" ብዬ መለስሁላት።

ኅዳር 13
አባዬ ገበያ ወጥቶ ቢሮ መጣ። ማንበብ ስለማይችል የጠየቀኝ ስለ ፎቶው ብቻ ነው። በቀኝ ጠርዝ ነበር ያደረግሁት፤ ጽሑፉ በግራው።
"ምነው ከዳር አስቆምሽው?"
"ለማንበብ ይቀላል ብዬ ነው።"
"ልጀ ከዳር አይቆምም። መሀል ይሁን፤ ሰው እንደከበበው።"
ወደ መሀል ሳብሁት። እያንዳንዱ መስመር በፎቶው ለሁለት ተከፈለ። ግራው ላይ ጀምሮ፣ ፎቶውን ዘሎ፣ ቀኙ ላይ ይጨርሳል። አላማረኝም። አባዬ ግን "አሁን ሆነ" አለ።

ኅዳር 18
ታተመ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ስሕተት የለውም።

ኅዳር 20
አርባው ዛሬ ነበር። ጾም ስለሆነ ሽሮና ምስር ነው የቀረበው። ሰዉ ድንኳኑን ሞላው።
እንዲያነቡ ወረቀቱን ለመሪጌታ ገብረ ኪዳን ሰጠናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያነበቡት የብራና መጽሐፍ ነው። በብራና ገጹ ለሁለት ዓምድ ይከፈላል፤ የግራው እስከ ታች ካላለቀ ወደ ቀኙ አይኬድም። ይኼን አላሰብሁትም... እንዴት ላስበው?
እኔ የጻፍሁት "ይሁኔ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ አያውቅም። ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ ሄደ" ነው። ፎቶው ደግሞ "ተጣልቶ" ከሚለው ቀጥሎ ገብቷል፤ "ወደ መተማ ሄደ" ከሥሩ በግራ ወርዷል።
መሪጌታ መነጽራቸውን አስተካከሉና የግራውን ብቻ ይዘው ወረዱ። ድምፃቸው ትልቅ ነው።
"ይሁኔ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ወደ መተማ ሄደ።"
ሰዉ ሁሉ ወደ አባዬ ዞረ። እሳቸው አልታወቃቸውም፤ እየተደናቀፉ እስከ ታች ጨረሱ። ከዚያ ወደ ቀኙ ራስ ወጡ፤ "አያውቅም። ሥራ ፍለጋ..." አሉና ቆሙ።
"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው፣ ወርቅዬ?"
መሬት ብትውጠኝ በወደድሁ። ስሕተቱ የእኔ ነው፣ አግድም ነው የሚነበበው ልል አፌን ስከፍት አባዬ ተነሣ። ወረቀቱን ይቀማቸዋል ብዬ ፈራሁ።
"መሪጌታ፣ ያነበቡት ልክ ነው" አለ። "የቀኙን ይተውት።"
ተቀመጠ። ነጠላውን ፊቱ ላይ አደረገና አለቀሰ። ማንም ተው አላለውም።

ታኅሣሥ 3
አባዬ ሳይነግረኝ ቢሮ መጣ። ሩዙ ታጭዷል። ከመስኖው በኩል ያለውን ቁራሽ አልነካውም፤ "የይሁኔ ነው፤ ለእሱ ነፍስ ለቤተ ክርስቲያን ይታጨድ" አለኝ። የይሁኔ ነው ሲል መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ያደርጋል አሁን?
"ለሰማንያ ቀኑ ሌላ ወረቀት አውጪ። መሪጌታ እንዳነበቡት አድርጊው።"
"አያውቅም። ሥራ ፍለጋ" የሚለውን አጠፋሁ። የታችኛው ወደ ላይ ተሳበ።
"ፎቶውስ መሀል ይቅር?"
ዓይኑን ከይሁኔ ላይ አላነሣም። "ወደ ዳር መልሽው። ከዳር ያስቆምሁት እኔ ነኝ።"
ወደ ቀኝ ጠርዝ ገፋሁት። ጽሑፉ ተሰብስቦ ከጎኑ ገጠመ።
"እስቲ አንብቢልኝ።"
"ይሁኔ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ወደ መተማ ሄደ።"
"ድገሚው።"
ደገምሁለት።