ገና ሳልሆን ካፒቴን ላልከኝ አባቴ

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክልኝ? መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ ሳልጠይቅህ መጀመር ግን ሆዴ እሺ አላለኝም። ከተለየኸን አሥራ አንድ ወር ሊሞላ ነው። ይህን ያህል ጊዜ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ይቅርታ ሳልጠይቅህ ስለሄድክብኝ ነው። ዛሬ ይቅርታውንም ወሬውንም አብሬ ይዣለሁ። ወሬው ይቅደም፦ ልጅህ ሐያት ካፒቴን ሆናለች።

ቤታችን ደህና ነው። ገላን ኮንዶሚኒየም ያው አንተ የምታውቀው ነው፤ ውኃ መጣ ሲባል ግቢው በባልዲ ይተራመሳል፣ አራተኛ ፎቅ እስኪደርስልን ስንጠብቅ ተመልሶ ይሄዳል። እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። ጃኬትህን ከበሩ ጀርባ አላነሳችውም። በሳምንት አንዴ አውርዳ ታራግፈውና እዚያው መልሳ ትሰቅለዋለች። እኛም ለምን ብለን አንጠይቃትም።

ካፒቴንነቱ በጣም ፈጥኖ ነው የመጣው። ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት አልሞላኝም። የእኛ አየር መንገድ ትንሽ መሆኑን ታውቃለህ፣ ክፍለ ሀገር የሚመላለሱ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ናቸው ያሉን። ነባሮቹ ካፒቴኖች አንድ በአንድ ወደ ትልልቁ አውሮፕላንና ወደ ውጭ ሲሄዱ ወንበሩ ባዶ ቀረ፤ የበረራ ሰዓታችንን የሞላን ረዳት አብራሪዎች ተጠራን። ሌላ ቦታ ሰው ፀጉሩ እስኪሸብት የሚጠብቀውን እኔ በደብዳቤ ተቀበልኩት። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አንድ ሳምንት ሙሉ ለማንም አልተናገርኩም።

ፈርቼ ነበር፣ ምን እደብቅሃለሁ። እስከዚያ ድረስ ሲጨንቀኝ ወደ ግራዬ ዞር ስል ካፒቴኑ አለ። ግራው ወንበር ላይ እኔው ከተቀመጥኩ ወደ ማን ልዞር ነው? የሥራ ባልደረቦቼም በኋላ ሲሰሙ «አልቸኮልሽም?» ይሉኝ ነበር፣ አንዳንዶቹ ለእኔ አዝነው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ቀንተው። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን «ካፒቴን» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር የጋሽ በድሩ ሱቅ ድቅን ይልብኛል።

ያን ቀን አንተም አልረሳኸውም። ሥራ በጀመርኩ በወሩ ይመስለኛል። ከነዩኒፎርሜ ሳሪስ አቦ፣ የድሮ ሰፈራችን መጣሁ፤ አንተ ጋሽ በድሩ ሱቅ በር ላይ ከጎሚስታው ጋር ቆመሃል። ገና ከሩቅ ስታየኝ «ካፒቴኗ ልጄ መጣች!» ብለህ መንገደኛውን ሁሉ አስዞርክብኝ። እኔ ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ ደግሞም አፍሬያለሁ። «አባዬ፣ ስንቴ ልንገርህ፣ ካፒቴን አይደለሁም፣ ረዳት ነኝ። ሰው ፊት አታዋርደኝ» አልኩህ። ሳቅ ብለህ «እሺ፣ እሺ፣ ረዳት» አልክና የገዛኸውን የስኳር ፌስታል ለማንሳት ጎንበስ አልክ። ታክሲ ውስጥ ስለ መንገዱ መቆፋፈር ብቻ ስታወራ ደረስን። እኔ ያኔ እውነት ስለተናገርኩ የረታሁ መስሎኝ ነበር።

በለቅሶህ ሰሞን ጋሽ በድሩ ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠው የቀረውን ነገሩኝ። ለካ በማግስቱ በእግርህ ተነስተህ፣ ካፒቴን ናት ያልካቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ዞረህ «ተሳስቼ ነው፣ ልጄ ገና ረዳት ናት» ብለሃቸዋል። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ላይ ለጠያቂዎች ዕቃ የምትሸጠዋን ሴትዮ እንኳ አልተውካትም። ባቡር ሲጮህ የማይደነግጠው አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ሳስበው፣ እዚያው ለቅሶው መሃል ሌላ ለቅሶ ጀመርኩ።

ጋሽ በድሩ በዚህ አላበቁም። በወጣትነታችሁ ዕቃ ጭነው ከአንተ ጋር ይመላለሱ ነበርና ለእኛ ያልነገርከንን ያውቃሉ። ለእኛ አንተ ሾፌር ሆነህ የተወለድክ ነበርክ። ዘጠኝ ዓመት የሰው የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበርክ ለካ። ባለቤቱ መሪ ሊያስጨብጥህ አልፈለገም። «ረዳት፣ ውረድ!»፣ «ረዳት፣ ታኮ አድርግ!» እየተባልክ፣ ዳገት ላይ ከመኪናው ኋላ እየሮጥክ ጎማው ሥር ድንጋይ ስትከት ኖርክ። «በዘጠኙ ዓመት አንድ ቀን እንድሪስ ብሎ የጠራው የለም፤ ያንቺን አስቀድሞ የተናገረው እንደሱ እንዳትጠብቂ ፈርቶ ነው» አሉኝ። እኔ ደግሞ ያንኑ «ረዳት» የሚለውን ስም በሰው ፊት ወስጄ አፍህ ላይ አስቀመጥኩት። አባዬ፣ ይቅር በለኝ። አላወቅኩም ነበር።

ሹመቱን ግን ለአንተ ብዬ አልተቀበልኩም። ሃምሳ መንገደኛ ለአባቴ መካሻ ተብሎ አይጫንም፣ አንተም እንዲህ ያለ ነገር አትወድም። የተቀበልኩት ራሴን ቁጭ አድርጌ፣ አየሩ ሲከፋ ብቻዬን ወስኜ አላርፍም ማለት እችላለሁ ወይ ብዬ ከጠየቅኩ በኋላ ነው። የመጨረሻው የፈተና በረራ ላይ፣ መንገደኛ ጭነን ፈታኜ ቀኜ ተቀምጠው፣ የምናርፍበትን ከተማ ደመና ውጦት አገኘሁት። እንደ ልማዴ ወደ ግራዬ ብዞር መስኮት ብቻ ነው ያለው። ትንሽ ዞርን፣ ጠበቅን፣ አልገለጠም፤ ወደ አዲስ አበባ መለስኳቸው። መንገደኛው አጉረመረመ፣ አንዱ ሠርግ ሊያመልጠው ስለሆነ ሲወርድ ፊቱን አዞረብኝ። ፈታኜ ግን ጨበጡኝ።

ባለፈው ማክሰኞ የመጀመሪያዬ ነበር፣ ወደ ጅማ። እማዬ የትኛው አውሮፕላን ላይ እንደሆንኩ ስላላወቀች ከጧቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በላይዋ ላለፈው ሁሉ ዱዓ ስታደርግ አረፈደች። በሩ ተዘጋ፣ አስተናጋጇ ማይኩን አነሳች፣ «ካፒቴን ሐያት እንድሪስና ረዳት አብራሪው እንኳን ደህና መጣችሁ ይሏችኋል» አለች። የራሴን ስም እጠብቅ ነበር። የአንተ ተከትሎ እንደሚመጣ ግን፣ ይገርምሃል፣ አላሰብኩትም። ዘጠኝ ዓመት ማንም ያልጠራው ስም ካፒቴን ተብሎ በተጀመረ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ለሞላ አውሮፕላን ተነገረ።

ቀኜ የተቀመጠው ልጅ ዝግጁ መሆኔን ጠየቀኝ። በአየር መንገዳችን ልማድ ካፒቴን ረዳቱን በሥራው ስም፣ «ረዳት» ብሎ ነው የሚጠራው። እኔ ግን «ዝግጁ ነኝ፣ ናትናኤል» አልኩት።

አልረሳህም አባዬ። ግራው ወንበር ላይ እስካለሁ ድረስ፣ ቀኜ የሚቀመጠውን ሰው ሁሉ በስሙ እጠራዋለሁ።

ልጅህ
ሐያት እንድሪስ