ሳይራገፍ አልረከብም

እማዬ፣

ሙት ዓመትሽን ካወጣን ሦስተኛ ወሩ ነው። የአዘዞው ቤታችን ጣሪያ ተቀይሯል፤ ዝናብ ሲመጣ ባልዲ መደርደር ቀርቷል። አባዬ ጉልበቱን እያመመውም ቢሆን የጓሮውን ጎመን ራሱ ነው የሚያጠጣው፤ ሌላ ሰው ከነካበት ያኮርፋል። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ሆስፒታሉ ነው።

እኔ ነርስ ሆኜ ስቀጠር አንቺ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ብዙ ዓመት ሠርተሽ ነበር። ከየክፍሉ የሚወርደውን የአንሶላ ጥቅል፣ ያመጣው ሰው ፊትሽ ዘርግቶ ካላራገፈው አትረከቢም ነበር። ነገረኛ ይሉሽ ነበር። አንሶላ ውስጥ የተረሳ መርፌ ወግቶሽ፣ የደም ምርመራሽ ነጻ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ወራት ሙሉ ለእኛ ሳትነግሪ ጭንቀቱን ለብቻሽ እንደቻልሽው ማን ያውቃል? እኛ ነርሶቹ ግድግዳው ላይ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ብለን ለጠፍን፤ የተጠነቀቅሽው ግን አንቺ ነበርሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አፍሬብሽ ነበር። የአጣቢዋ ልጅ መሆኔን ለባልደረቦቼ አልተናገርኩም። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ እንደማንኛውም ሠራተኛ ሰላም ብዬሽ አልፍ ነበር። ገብቶሻል፤ አንድም ቀን ሰው ፊት ልጄ ብለሽ አልጠራሽኝም።

አንድ ጠዋት ክፍላችን በበሽተኛ ተጨናንቆ ጥቅሉን ራሴ ይዤ ወረድኩ። እናቴ አይደለች፣ ታሳልፈኛለች ብዬ ጥዬልሽ ልሄድ ስል፣ «ሲስተር፣ ዘርግተው ያራግፉልኝ» አልሽኝ፣ በአንቱታ። እየተነጫነጭኩ ስዘረጋው መርፌ ወደቀ። እኔው ራሴ ደም የቀዳሁበት ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንቺ በመቆንጠጫ አንስተሽ ያገለገለ መርፌ መጣያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣልሽው፤ ቤት ስንገባም አላነሳሽብኝም።

ባለፈው ሳምንት በስብሰባ ላይ አዲሱ ኃላፊያችን፣ አጣቢዎቹ ካንቺ የወረሱት ማራገፍ ሥራ ስለሚያጓትት ይቅር አለ። ከኋላ የተቀመጡት አጣቢዎች አንገታቸውን ደፉ። ተነሳሁ። አንሶላ ውስጥ መርፌ ረስቼ እንደነበር፣ ሊወጋ የነበረውም የገዛ እናቴን እንደሆነ ተናገርኩ። ስምሽን ከነአባትሽ ጠራሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ሌላ ነርስ ተነሳች፣ ቀጥሎ ሌላ፤ ለካ መርፌ የረሳሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። ያንቺ ልማድ መመሪያ ሆኖ ተጻፈ፤ አጣቢዎቹም ወፍራም ጓንትና የጉበት በሽታ ክትባት እንዲያገኙ ተወሰነ።

ነገረኛዋ እናቴ፣ ኮርቼብሻለሁ። በሕይወት ሳለሽ ሰው ፊት «እማዬ» አለማለቴ ያንገበግበኛል፤ ያንን መመለስ አልችልም። ትናንት ክትባቱን ስሰጥ፣ ከሳንጃ የመጣች አዲስ አጣቢ እጅጌዋን እየሰበሰበች፣ «ምነው አንቺ የእኛን ጉዳይ እንዲህ አጥብቀሽ ያዝሽው?» አለችኝ። የአጣቢ ልጅ ነኝ አልኳት፣ ክፍል ሙሉ ሰው እየሰማ። እስካለሁ ድረስም ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ልጅሽ