የወንድሜን ፊደላት ስለማስመለስ

ለተከበሩ የአእምሮና የኮምፒውተር ማገናኛ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደተሟላ፣ ወገብዎም ከሚመች ወንበር ጋር እንደተስማማ እንዲቆይልኝ በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ።

እኔ በቤቴ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረው ታላቅ ወንድሜ ከመሰላል ወድቆ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ስለማይችል፣ ድምፁም ስለተዘጋ፣ አልጋውን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ዘርግቼለታለሁ። ባለሙያዎችዎ ጭንቅላቱ ውስጥ ትንሽ መሣሪያ አስገብተው፣ በሐሳቡ ብቻ ስክሪን ላይ ፊደል እየመረጠ እንዲጽፍ ስላደረጉት ያለ አንዳች ሽሙጥ አመሰግናለሁ። ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ መጀመሪያ የጻፈልኝ «ትራሱን ዝቅ አድርጊው» የሚል ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ይመቸዋል ብዬ፣ ከፍ ሳደርግበት ኖሬያለሁ። ያን ቀን አለቀስኩ። እውነተኛው ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከዚህ በታች ያለው ሌላ ዓይነት ነው።

፩ኛ፦ ባለፈው ወር እንግዶችና ካሜራ አስከትለው ጠባቧን ክፍላችንን ስላከበሩ፣ በደንበኛዬ የሠርግ ቀሚስ ጨርቅ ላይም ከነጫማዎ ስለቆሙ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ወንድሜ የሚሰማውን ለእንግዶቹ እንዲጽፍ ጋበዙት። እሱም ሩብ ሰዓት ፈጅቶ፣ «መቀመጫዬ ቆስሏል፤ እንግዶቹ ይውጡና አገላብጡኝ» ብሎ ጻፈ። ተጠይቆ መለሰ፤ ጥፋቱ ይኸው ነው።

፪ኛ፦ በማግስቱ «የተጠቃሚውን ድካም ለመቀነስ» በሚል ፊደላቱን ከስክሪኑ አንሥተው፣ በምትካቸው አሥራ ሁለት የተዘጋጁ ዓረፍተ ነገሮች ስላበረከቱለት እጅ እነሣለሁ። «ዛሬ በጣም ደህና ነኝ» የሚል አለ። «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚልም አለ። ቁስል የሚል የለም፣ ውሃ የሚልም የለም። ስለዚህ ወንድሜ ውሃ ሲጠማው «ማዕከሉ ሕይወቴን ለውጦታል» እያለ ይጠራኛል፤ እኔም ብርጭቆ ይዤ እሮጣለሁ። በሰው አፍ ውስጥ የራስን ቃል መክተት ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ለመግለጽ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

፫ኛ፦ ሐሙስ ዕለት ሠራተኞችዎ ለሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ፈቃዱን ሊጠይቁ መጡ። ጭንቅላቱ እንደገና ሊከፈት ነው። ከአሥራ ሁለቱ መካከል «እስማማለሁ» የሚል አለ፤ የሚቃወም ግን አንድም የለም። ወንድሜ አርባ ደቂቃ ሙሉ ምንም ሳይመርጥ ስክሪኑን ሲያይ ቆየ። ዓይኑን ሁለት ጊዜ ጨፍኖ አለመፈለጉን እንደነገረኝ ባስረዳቸውም፣ ከስክሪኑ ያልወጣ መልስ በቅጹ አይሞላም ተባልኩ። ከዚያም «ተጠቃሚው ደክሞታል፤ ሰኞ እንመለሳለን» ብለው ሞልተው ሄዱ። አልደከመውም። የተበጠሰች አንዲት ሽቦ ፍለጋ ሙሉ ቀን ግድግዳ ላይ ዓይኑን ተክሎ ይውል የነበረ ሰው በአርባ ደቂቃ አይደክምም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ከሰኞ በፊት ፊደላቱን እንዲመልሱለት እጅግ ዝቅ ብዬ እጠይቃለሁ። ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየለመንኩ፣ ለካሜራዎ የማይጠፋ መብራት፣ ለእርስዎም በሰው እጅ የማይገላበጡበት ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
የ«ተጠቃሚው» እኅት፣ ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ፊደላቱን በሙሉ መመለስ ለማዕከሉ የሚከብድ ከሆነ፣ እስከ ሰኞ ሦስቱን ብቻ ቢልኩለት ይበቁታል፤ እ፣ ም፣ ቢ።